«ተመስገን» ስንተኛው ምርጫ ነው?

ጥያቄው ሰባተኛው ነበረ። «ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር የቤተሰብዎ ኑሮ ዛሬ እንዴት ነው?» መልሶቹ አምስት ናቸው፤ በጣም ተሻሽሏል፣ ተሻሽሏል፣ አልተለወጠም፣ ብሶበታል፣ በጣም ብሶበታል። የእኔ ሥራ ከአምስቱ የአንዱን ቁጥር ማክበብ ነው። እማማ ግን ነጠላቸውን መለስ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

«ተመስገን ነው ልጄ። ምን ይባላል?»

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በማፈላልግበት ወራት በቀን አበል መጠይቅ ልሞላ ተቀጥሬ፣ አዲስ አበባን በእግሬ አዳርስ ነበር። በተሰጠን የሦስት ቀን ሥልጠና «ተመስገን» ስንተኛው ምርጫ እንደሆነ የነገረን የለም። ቤቱን ያሳየኝ የቀበሌ ሰው ደግሞ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ቀኑ እየመሸ፣ የሚቀሩኝ ቤቶች አራት ነበሩ። «ተሻሽሏል» የሚለውን አከበብኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሰውዬው ሲጋራ ሊገዛ ወጣ አለ። እማማ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይኼ ወረቀት የሚሄደው የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለጥናት መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ ስማኝ፤ ከምሳ ጋር ከተለያየን ሰነበትን። እሱን ግን አትጻፍብኝ።»

አልጻፍኩባቸውም። እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ይህ ነው። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ነገር ግን የተራቡ ሴት በእኔ እስክሪብቶ ኑሯቸው የተሻሻለ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ውጤት ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ከመቶኛው ይልቅ በሩን የተደገፈውን ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቻችን የጥናት እውነት በተጠያቂው ብዛት የሚገኝ ይመስለናል። እስቲ አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ሲልም ተነበየ። ላንደን ያሸነፈው በሁለት ክፍለ ግዛቶች ብቻ ነበር! መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአመዛኙ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የማን እንደነበሩ አንባቢ ይፍረድ። ከተላከላቸውም ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል አልመለሱም። ጆርጅ ጋለፕ ግን እጅግ ያነሱ ሰዎችን ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። አንድ ወጥ በጨው መጣፈጡን ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጠጣት አያሻም፤ በደንብ አማስሎ አንድ ማንኪያ መቅመስ ይበቃል።

የእኛ ቤት ጣጣ ግን ከማማሰል በኋላም ይቀጥላል። በዕጣ በትክክል የተመረጡ አንድ ሺህ ሰዎች ቢጠየቁ ስሕተቱ ከ3 በመቶ ገደማ አይዘልም ይባላል። በዚያ 3 በመቶ ውስጥ ይሉኝታ አልተቆጠረም። «ሆድ ይፍጀው» አልተቆጠረም። እንግዳን ላለማሳፈር ሁሉንም «አዎ» ማለት አልተቆጠረም። የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት አደርክ?» ሲባል በምስጋና በሚጀምርበት አገር፣ «ኑሮ እንዴት ነው?» ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ይልቁንስ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ምሳ በላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ቁጥር ይሆን ነበር፤ ያውም ሰውዬው ከሄደ በኋላ።

ባለሙያዎቹ ይህን አላጡትም። ሌስሊ ኪሽ እ.ኤ.አ. በ1949 ከአንድ ቤት ማን እንደሚጠየቅ ሰንጠረዥ የሚወስንበትን ዘዴ አቀረበ፤ ካልሆነማ ሁልጊዜ የሚናገረው በር የከፈተው ወይም አባወራው ነው። ስታንሊ ዋርነር ደግሞ በ1965 ለሚያስፈራ ጥያቄ መላ አበጀ፤ ከሁለት ተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን የምትመርጥ ቀስት ተጠያቂው ለብቻው ያሽከረክራል፤ ከዚያም የትኛው እንደደረሰው ሳይገልጽ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላል። ጠያቂው የአንዱን ሰው ምሥጢር አያውቅም፤ የብዙዎቹን ድምር ግን አስልቶ ያገኘዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ 2,400 ሰዎችን የጠየቀው አፍሮባሮሜትር፣ በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» የሚል ጥያቄ አለው። ሲጠየቅ አጠገብ ሰው እንደነበረም ጠያቂው ይመዘግባል።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እማማ የጠየቁኝ እኮ ይህንኑ ነው። ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ሳያውቁ የሰጡኝ መልስ የኑሯቸው ሳይሆን የሥጋታቸው ልክ ነበረ።

የዚያን ጊዜ በመጠይቁ ግርጌ «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር ነበረ። «ሲጠየቁ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር» ብዬ ብጽፍ ምሥጢራቸውን ሳላወጣ እውነቱን መጠቆም እችል ነበር። አምስት ቃል ነው። ባዶውን ትቼው ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።