ከመነጽር ስሸሽ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው ከባላጋራው ቢሸሽ አይፈረድበትም፤ ከገዛ መነጽሩ የሚሸሽ ግን ምን ይባላል? እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ። ታሪኬንም የምጽፍላችሁ በእናንተም መካከል መሰሎቼ እንዳሉ ስለምጠረጥር ነው።

ዕድሜዬ 25 ነው፤ ሥራዬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው። ብርሃን በሌንስ ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫውን እንዴት እንደሚለውጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስረዳለሁ። ይሁን እንጂ ከመጨረሻው ዴስክ አንድ ተማሪ እጁን ቢያነሣ ማን መሆኑን ለይቼ አላውቅም ነበር። የዓይኔ ኳስ ከልኩ ጥቂት ረዘም ያለ በመሆኑ፣ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና በሚባለው ውስጠኛ መጋረጃ ላይ በመሰብሰብ ፈንታ ከፊቱ ይሰበሰባል። የታዘዘልኝ ሌንስ ኃይሉ ኔጌቲቭ 2 ዳዮፕተር ነው፤ ይህም ማለት ያለ መነጽር አጥርቼ የማየው እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ለእኔ የክረምት ጉም ነው።

መነጽርስ ነበረኝ፤ ከቤት ስወጣ ግን ከኪሴ እከተው ነበር። ምክንያቱን ስናገር አፍራለሁ። በልጅነቴ አንድ የሰፈራችን ልጅ መነጽር ቢያደርግ «ባለ አራት ዓይን!» እያልን ስናሳድደው፣ ከሁሉ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ። እንግዲህ የሰደብሁት ስድብ ዞሮ በራሴ ላይ እንዳይመለስ ፈራሁ። ከዚህም የተነሣ አንድ ቀን የእናቴ ወዳጅ ከመንገድ ማዶ ሆነው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ቢነሡኝ፣ ሳላያቸው ቀጥ ብዬ አለፍሁ። እርሳቸውም «ልጅሽ ከተማረ ወዲህ ሰው መናቅ ጀምሯል» ብለው ለእናቴ ነገሯት።

በዚህ መካከል በዓይን ላይ የሚለጠፍ፣ ኮንታክት ሌንስ የሚባል ነገር መኖሩን ሰማሁ። ማንም ሳያውቅብኝ ማየት! ከደመወዜ ቆጥቤ ገዛሁ። የመነጽር ቤቱ ባለሙያ ሴት መስተዋት ፊት አስቀምጣ፣ እጄን በሳሙና አስታጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስደርቃ፣ «የላይኛውን ሽፋሽፍት በአንድ እጅህ ያዝ፤ የታችኛውን በሌላው ሳብ» አለችኝ። ጣቴ በቀረበ ቁጥር ዓይኔ ፈጥኖ ይከደናል። ፈቃዴ ከአንድ ወገን፣ ዓይኔ ከሌላ ወገን ሆነው አንድ ሰዓት ያህል ሲሟገቱ፣ ላቤ በግንባሬ ወረደ። «ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከራስ ቅሌ ውስጥ ቢቀርስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቀችና፣ የዓይን ቆቡን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ገለፈት ታጥፎ ከዓይን ኳስ ጋር ስለሚያያዝ ወደ ኋላ የሚያሳልፍ መንገድ እንደሌለ አስረዳችኝ። ስትሸኘኝም ሁለት ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ፤ ይኸውም ሌንሱን የቧንቧ ውሃ እንዳላስነካው፣ አድርጌውም እንዳልተኛ ነው።

በቤት ስለማመድ እናቴ በበር አጮልቃ አየችኝ። በልጅነቴ ጉድፍ ዓይኔ ሲገባ በነጠላዋ ጫፍ የምታወጣልኝ እርሷ ነበረች። አሁን ልጇ በገንዘቡ ጉድፍ ገዝቶ ከዓይኑ ሲጨምር ብታይ፣ «ምነው ልጄ፣ ለዚህ ነው ያስተማርሁህ?» አለችኝ።

ተስፋ በቆረጥሁ ጊዜ ያበረታኝ ያነበብሁት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አዶልፍ ፊክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ሠራው ሌንስ ጻፈ፤ ያ ግን ከመስተዋት የተሠራና ከባድ ስለ ነበር ለጥቂት ሰዓት እንጂ አይቻልም ነበር። ለስላሳውን ሌንስ ያስገኘው ኦቶ ቪክተርሌ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በገና ሰሞን፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በልጆች መጫወቻ ብረታ ብረትና በብስክሌት ዲናሞ መሣሪያ ሠርቶ ሌንሱን እያሽከረከረ አወጣው። እርሱ በመጫወቻ ሌንስ ከሠራ፣ እኔ የተሠራውን ማድረግ እንዴት ያቅተኛል አልሁ።

በሳምንቱ ተሳካልኝ። ከደጅ ስወጣ የባሕር ዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ አየሁት። የእናቴንም ወዳጅ ከሩቅ ለይቼ፣ ቀድሜ ጐንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ትዕቢቴም እንዲሁ።

በሁለተኛው ወር ግን የፈተና ወረቀት ሳርም አመሸሁና ሌንሱን ሳላወጣ እንቅልፍ ጣለኝ። ሲነጋ ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት እንኳ ተሳነኝ። ሐኪሙ እንዲህ ሲል ገሠጸኝ፦ «ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ ኦክሲጅኑን የሚያገኘው ከአየር ነው። ሌንስ አድርገህ ስትተኛ ታፍነዋለህ፤ ለተሐዋስያንም በር ትከፍታለህ። ቆስሎ ቢሆን ኖሮ ብርሃንህን ልታጣ ትችል ነበር።» ጠብታ አዘዘልኝና ለሁለት ሳምንት ሌንስ ከለከለኝ።

ሰኞ ጠዋት የተጣለውን መነጽር አድርጌ ክፍል ገባሁ። ከኋላ አንዱ «አራት ዓይና!» አለ፤ ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ያ ስድብ በመጨረሻ አገኘኝ። ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና፣ «ልጆች፣ አራት ዓይና በአባቶቻችን ዘንድ አራቱን ጉባኤ ለጨረሰ ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እኔ ገና ሁለቱን አልጨረስሁም፤ ስለ ሹመቱ ግን አመሰግናለሁ» አልኋቸው። ሳቁ ከእኔ ጋር ሆነ።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን ግን አልረሳውም። ከመጨረሻው ዴስክ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ደብተር ስለምትገለብጥ፣ «የሰው ድካም መብላት ልማድሽ ነው» ብዬ በጓደኞቿ ፊት አሳፍሬያት ነበር። ያን ቀን ከቦርሳዋ መነጽር አውጥታ አደረገችና ቀና ብላ ከሰሌዳው መጻፍ ጀመረች። ከክፍል ስንወጣ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ እኔም እኮ አለኝ፤ እርስዎ ሲያደርጉ አይቼ ነው» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

አንባቢዎቼ፤ በአገራችን የሚያፍረውን ሰው ዓይን አፋር እንለዋለን፤ እኔ ግን በዓይኔ በራሱ የማፍር ነበርሁ። ጉድለቴን ስሸሽግ የሌላዋን ጉድለት ስንፍና አልሁት። ዛሬ ዓይኔ ድኗል። ሌንሱን ኳስ ስጫወትና ዝናብ ሲበዛ አደርገዋለሁ፤ ማታ ማታ ሳላወጣው ጋደም አልልም። ክፍል ስገባ ግን መነጽሬን አደርጋለሁ፤ ምናልባት ከኋላ ተቀምጦ፣ መነጽሩን በቦርሳው ደብቆ የሚመለከተኝ ሌላ ተማሪ ይኖር ይሆናል።