ሰርቨሩ ሥራ ፈቶ ሰው ሲሰለፍ

ሰርቨር ሲንቀራፈፍ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሪስታርት! እንደ ፓራሲታሞል ለሁሉም በሽታ ይሰጣል። ለአንድ ሰዓት ያሽላል፣ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። እኛን የሚያናድደን ግን መመለሱ ሳይሆን ማስረጃው አብሮ መጥፋቱ ነው። ሥራው የት ላይ እንደተቀረቀረ የሚያውቀው እየሮጠ ያለው ጃቫ ብቻ ነው፤ እሱን ገድላችሁ ማንን ልትጠይቁ ነው?

ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት የሚያካሂደው ምዝገባ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ጠራን። ውጭ ገጹ አልከፈትለት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመዘገበ ዓመት መጠበቅ ነው። ውስጥ ደግሞ አለቆቹ "ትልቅ ማሽን ይገዛ" ይላሉ። ሲፒዩውን አየን፤ ከ100 እጅ 8ቱ እንኳ አልተነካም። ማሽኑ ቁጭ ብሏል እኮ! ሥራ ለፈታ ማሽን ጉልበት መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ስለዚህ ጄስታክን አዘዝን። ከጃቫ ጋር በነፃ የምትመጣ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ እያንዳንዱ ትሬድ በዚያች ቅጽበት የትኛው የኮድ መስመር ላይ እንደቆመ ትዘረዝራለች። አንዴ ብቻ አይበቃም፣ አንዱ ፎቶግራፍ ነው። በአሥር ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ወስደን ንቅንቅ ያላለውን ፈለግን።

ቶምካት ካልነኩት በቀር 200 ትሬድ ያሰማራል። ወደ ዳታቤዝ የሚያሻግረው ሂካሪሲፒ ግን፣ እሱም ካልነኩት፣ 10 ግንኙነት ብቻ ነው የሚይዘው። 200 ወንበርና 10 መስኮት ያለው ባንክ አስቡ። ወንበሩ ሞልቷል፤ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቆ መስኮት ያላገኘ ይባረራል። ታዲያ መስኮቱን የያዙት አሥሩ ምን ይሠራሉ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዳታቤዙን ግንኙነት ጨብጠው "ተመዝግበዋል" የሚል አጭር መልእክት ከሚልክ የሌላ ድርጅት ሰርቨር መልስ ይጠብቃሉ። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ስልክ የሚያወራ ደንበኛ በሉት።

ልብ በሉ፣ ጄስታክ እነዚህን አሥሩን "ራነብል" ትላቸዋለች፤ ሥራ ላይ ናቸው እንደማለት። ጃቫ ከኔትወርክ መልስ የሚጠብቅን ትሬድ የሚጠራው እንዲያ ነው። ማዕረጉን ትታችሁ ከሥሩ ያለውን መስመር አንብቡ፤ ከሶኬት ማንበብ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

(ሲፒዩው 100 ገብቶ ቢሆን መንገዱ ሌላ ነበር። "ቶፕ -ኤች" ሲፒዩውን የሚበላውን ትሬድ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ያንን ይዞ በጄስታክ ዝርዝር ውስጥ ባለቤቱን ማደን ነው። አንዳንዴ ባለቤቱ ሚሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ራሱ ይሆናል።)

ሦስቱን ዝርዝሮች ፋይል ውስጥ አስቀመጥን፣ መልእክት መላኩን ዘጋን፣ ከዚያ ሪስታርት አደረግን። አሁንማ ይፈቀዳል። ሰዉ መልእክት ሳይደርሰው ተመዘገበ። በሳምንቱ የመልእክቱ ኮድ የዳታቤዙ ግንኙነት ከተለቀቀ በኋላ እንዲሮጥ ተደርጎ ተመለሰ። ትልቁ ማሽን ግን መገዛቱ አልቀረም፤ በጀቱ ጸድቆ ነበርና።