ሃሎዊን በዋሽንግተን፦ ከዱባ ማሳው እስከ ጎረቤት ደጃፍ

በኦክቶበር ወር ዋሽንግተን ዲሲን የሚጎበኝ እንግዳ በመኖሪያ ሰፈሮቿ ሲያልፍ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። በቤቶቹ ፊት ባለው ሣር ላይ የመቃብር ድንጋይ ተተክሏል። በረንዳው ላይ አጽም እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር ወርሶታል። ድንጋዩ ፎም፣ አጽሙ ፕላስቲክ፣ ድሩም የተባዘተ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በዓሉ ሃሎዊን ነው፤ የሚውለውም ኦክቶበር 31 ቀን። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21፣ ማለትም የማርያም ዕለት ላይ ያርፋል። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ የመጣች እናት፣ ማታ ልጇ የጭራቅ ጭንብል አጥልቆ “ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ልውጣ” ሲላት ምን ትመልስለት? ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብስ ልጆቹን ይዞ ወዴት ይሂድ?

ስሙ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ታከብራለች፤ ሃሎዊን ማለትም የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ከዚያም በፊት የአየርላንድና የአካባቢው ሕዝቦች በዚሁ ሰሞን የመኸሩን ማብቂያና የክረምቱን መግቢያ ያከብሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱ አየርላንዳውያን ልማዱን ወደ አሜሪካ አመጡት። በአገራቸው ፋኖስ የሚፈለፍሉት ከሥራ ሥር ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ግን ዱባ ተትረፍርፎ አገኙ።

ጭንብሉንና የሙታኑን ጨዋታ ከእምነታቸው ጋር የማይስማማ አድርገው የሚያዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የከተማው ልማድ እነሱንም አያስቸግርም፤ የበረንዳውን መብራት ያጠፋ ቤት አይንኳኳም። ወቅቱ ደግሞ ከጭንብል ውጭም ብዙ የሚታይ ነገር አለው።

ለምሳሌ የዱባ እርሻዎቹ። በሜሪላንድ ጀርመንታውን በትለርስ ኦርቻርድ፣ በቨርጂኒያ ሴንተርቪል ደግሞ ኮክስ ፋርምስ የታወቁ ናቸው። ልጆች ድርቆሽ በተነጠፈበት ተጎታች ላይ ተጭነው ይዞራሉ፣ በሸርተቴ ይወርዳሉ፣ ዱባቸውንም ራሳቸው ይመርጣሉ። ትንንሾቹን በቀን ውሰዷቸው። ኮክስ ፋርምስ በምሽት የሚያዘጋጀው የማስፈራሪያ ዝግጅት ለጎረምሶች እንጂ ለሕፃናት አይደለም። የተፈለፈለ ዱባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበሰብስ የምትቀርጹት በዓሉ ሲቃረብ ይሁን። ውስጡ ከሻማ ይልቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ማድረግ ይሻላል። ፍሬውን አትጣሉት፤ ታጥቦና ጨው ነካ ተደርጎ ሲቆላ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ከተማ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሚመቸው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ ነው። በአዘቦት ቀን መግቢያው ነጻ ነው፤ በኦክቶበር ምሽቶች “ቡ አት ዘ ዙ” በሚል ስም የሚያዘጋጀው የሃሎዊን ፕሮግራም ግን በትኬት ነው። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ የዓመቱን ፕሮግራም ቀደም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ልጆቹ ከፍ ካሉ ወደ ጆርጅታውን ጎራ በሉ። ከፕሮስፔክት ጎዳና ወደ ኤም ጎዳና የሚወርድ፣ በሁለት ግንብ መካከል የተጣበበ ባለ 75 እርከን የድንጋይ ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው “ዘ ኤክሶርሲስት” ፊልም በጣም የሚታወሰው ትዕይንት የተቀረጸው እዚህ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ዊሊያም ፒተር ብላቲ ራሱ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፊልሙን ለልጆች ማሳየት አይገባም፤ ደረጃውን ግን ከእነሱ ጋር እየቆጠሩ መውጣት ይቻላል። ቀን ቀን የሰፈሩ ሯጮች ልምምድ የሚሠሩበት ቦታ ነው። በፊልም ስንቱን ያስበረገገ ደረጃ የላብ ማፍሰሻ ሆኖ ሲያዩት ልጆቹ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ይገባቸዋል።

ከዋይት ሀውስ ጥቂት ደቂቃ በእግር ተጉዛችሁ ደግሞ ኦክታጎን ሀውስን ታገኛላችሁ። የእንግሊዝ ጦር በ1814 ዋይት ሀውስን ሲያቃጥል ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን የተጠጉት እዚህ ነበር። በከተማው የመናፍስት ተረት ውስጥ ስሙ የማይቀር ቤት ነው። በግድግዳው ውስጥ የነበሩት የአገልጋይ መጥሪያ ደወሎች ሌሊት ሌሊት በራሳቸው ይጮሁ ነበር ይባላል፤ የሚያስጮኋቸውም በቤቱ ይሠሩ የነበሩ ባሪያዎች መናፍስት ናቸው ይላሉ። የደወሉ ነገር ተረት ነው፤ ባሪያዎቹ ግን እውነት ናቸው። ቤቱን ያሠሩት የቴይሎ ቤተሰብ በቨርጂኒያ ብዙ ባሪያ ከነበራቸው ባለርስቶች አንዱ ነበር። “ደወሉ ሲጠራ የሚሮጠው ማን ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከተረቱ አልፎ ታሪኩን ነክቷል።

በምሥራቁ የከተማው ክፍል በ1807 የተመሠረተው የኮንግረሽናል መካነ መቃብር አለ። የሰልፍ ሙዚቃ ደራሲው ጆን ፊሊፕ ሱዛና የረጅም ጊዜው የኤፍ ቢ አይ ኃላፊ ጄ. ኤድጋር ሁቨር ያረፉት እዚህ ነው። በኦክቶበር ምሽቶች ጎብኚዎች በብርሃን እየተመሩ በመቃብሮቹ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ተዋንያንም እዚያ የተቀበሩ ሰዎችን መስለው ታሪካቸውን ያወራሉ። መቃብር ስፍራ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ዝቅ ማድረግን ለለመደ የእኛ ሰው ነገሩ ሊከብድ ይችላል። የቲኬቱ ገቢ ስፍራውን ለመንከባከብ እንደሚረዳ ማወቅ ግን ቅሬታውን ያቀለዋል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዋናው ምሽት ይመጣል። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች፤ ልጆቹ ግን ከዚያ በፊት ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተዋል። ኢስተርን ማርኬት አካባቢ ያለው የካፒቶል ሂል ሰፈር በዚህ ምሽት በሕዝብ ይጥለቀለቃል፤ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ስለሆኑ ለትንሽ እግር ይመቻሉ። ልጆቹ እያንኳኩ “ትሪክ ኦር ትሪት” ይላሉ፤ ካልሰጣችሁን ተንኮል እንሠራባችኋለን እንደማለት ነው። ቡሄ ሲመጣ በየደጁ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የተቀበለ አባት ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። ልዩነቱ የእኛዎቹ ጨፍረውና መርቀው መቀበላቸው ነው።

ወላጅን የሚያሳስበው የማያውቁት ሰው ደጅ ነው። “ከረሜላው ውስጥ መርዝ ቢያስገቡበትስ?” የሚለው ሥጋት በአሜሪካም ለአሥርት ዓመታት ሲወራ ኖሯል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ጆኤል ቤስት ወሬዎቹን ለዓመታት ተከታትለው፣ ከማያውቀው ሰው በተቀበለው የሃሎዊን ከረሜላ ምክንያት የሞተ ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ስለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። በ1974 በቴክሳስ አንድ ልጅ በተመረዘ ከረሜላ ሞቷል፤ መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር።

በዚህ ምሽት የሚያስፈራው መኪና ነው። ከ1975 እስከ 2016 የተመዘገቡ አደጋዎችን የመረመረ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት የእግረኞች ሞት ከሳምንት በፊትና ከሳምንት በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጭማሪው ይበልጥ የጎላውም ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነበር። ስለዚህ ጥቁር ልብስ የመረጠ ልጅ ጀርባ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፉ፤ የእጅ ባትሪም አስይዙት። ዓይን ከሚጋርድ ጭንብል ፊትን መቀባት ይሻላል። በአንዱ የመንገድ ጠርዝ ያሉትን ቤቶች ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ ከወዲያ ወዲህ መመላለስ ይቅር። ትንንሾቹን ደግሞ በእጅ ያዙ።

ከረሜላውን ቤት ገብታችሁ አብራችሁ ለዩት። ለስላሳና ተለጣጭ ከሆኑት ብዙዎቹ ጄላቲን አለባቸው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ስለሚሠራ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ወላጅ ጽሑፉን ማንበብ ይኖርበታል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ወተት ያለበት ቸኮሌት ለነገ ይቀመጣል። በአንዳንድ በረንዳ ላይ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀለም የተቀባ ዱባ ብታዩ፣ ያ ቤት የምግብ አለርጂ ላለባቸው ልጆች አሻንጉሊት ወይም እርሳስ አዘጋጅቷል ማለት ነው። እናንተም በዚህ መንገድ ልትቀበሏቸው ትችላላችሁ።

በትልቅ ከተማ የጎን ጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመታት የሚኖር ብዙ ነው። ሊፍት ውስጥ አንገት ደፍቶ መግባትና መውጣት የተለመደ ነው። ለዚያ ምሽት ግን በሩ ይከፈታል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ጎንበስ ብለው አንድን ልጅ “አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?” ይሉታል፤ አባትም ከኋላ ቆሞ ስሙን ይናገራል። በማግስቱ ጠዋት እኚያው ሴት በደረጃው ላይ ሲያገኙት “ትናንት አንበሳ ሆኖ የመጣው አንተ ነህ አይደል?” ብለው ያስቆሙታል።