የዲግሪ ሒሳብ

«ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ይህ ጥያቄ ያልደረሰው የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ቢኖር ዕድለኛ ነው። ጠያቂው ሁልጊዜ የሚያፌዝ አይምሰለን፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ነው። ስለዚህ ተቆጥቶ ከመመለስ ይልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሒሳቡን መሥራት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲችል አዝዟል። እኛ ኮስት ሼሪንግ የምንለው ውል ይኸው ነው። በየዓመቱ እንፈርማለን፤ ሥራ ስንይዝ ከወር ገቢያችን ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ዋናው ዲግሪ በመያዣነት ይቀመጣል፤ ተመራቂው በጊዜያዊ ማስረጃ ሥራ ይፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። ዕዳው 24,000 ብር፣ የመጀመሪያው ደመወዝ 8,000 ብር ነው እንበል። በወር 800 ብር ሲቆረጥ በ30 ወር ያልቃል። ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው። እንዲህ ሲታይ ዕዳው የሚያስፈራ አይደለም። አገር አብልታ አስተምራኛለችና ልክፈል ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ያለም አይመስለኝም፤ እኔም አላጉረመርምም።

ዳሩ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ሌላ አበዳሪ አለ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በደጋው ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤቱን የሚያቆመው በግ ነው፤ የኛ ባንክ በግ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ለመሳፈሪያዬ፣ ለልብሴና ለወረቀቴ አባቴ በግ ነድተው ሞላሌ ገበያ ይወጣሉ። እናቴ የፈተሉት ጠጉር ባና ሆኖ ተሸጧል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ በጎቹን ይጠብቃል፤ ሁለታችንን በአንድ ጊዜ ማስተማር አልተቻለምና። ይህን ዕዳ የሚመዘግብ ቢሮ የለም፤ ያስፈረመኝም ሰው የለም።

እንግዲህ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ማን ይቀድማል? መንግሥት ድርሻውን ገና ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ይወስዳል። ቀጥሎ የቤት ኪራይ አለ፤ ቀጥሎ ምግብ አለ። ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከፈለው ሰው፣ የመጨረሻውን ተራ ይይዛል። ያ 800 ብር ለባለ ትልቅ ደመወዝ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ለኛ ግን አንድን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመልስ ገንዘብ ነው። መቶኛው ለሁሉ እኩል ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም።

«ታዲያ ደመወዝ ያለበትን ትምህርት ለምን አልመረጥህም?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሱን ከዚያው ከአገሬ ላምጣ። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታወጀው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን ጨርሶ አልተወውም፤ ዛሬም በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። ይህን ሕግ የሚያውቁት ሽማግሎች እያለፉ ነው። ቃላቸውን ጠይቆ፣ አመሳክሮ፣ ጽፎ ማስቀመጥ የማን ሥራ ነው? ዶናልድ ሌቪን ከአሜሪካ መጥቶ የመንዝን ገበሬ ኑሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጣ፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ስለ ራሳችን የምናነበውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲጽፍልን አንጠብቅ። የዚህ ሥራ ዋጋ በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ አይታይም፤ አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተማሪ ዕዳ ስትጀምር፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን ያልደረሰ ተመራቂ እንዳይጠየቅ አድርጋለች። ለኛም ትንሽ ደመወዝተኛው ፋታ የሚያገኝበት ወለል ይበጅ። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። ዛሬም መክፈል የፈለገ በብር፣ የፈለገ ደግሞ በአገልግሎት ይክፈል። አንዱ ተመራቂ በመሐል ሜዳ ያስተምር፤ ሌላው በግሼ ወይም በመርሐቤቴ የሽማግሎችን ቃል ይመዝግብ። ዕዳው በሥራ ሲወራረድ፣ ያ 800 ብር ወደ ወንድሞቻችን ይሄዳል።

ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቢያነሣው መልካም ነው። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ያልፈረምንበትን ዕዳም በወረቀት እንጻፈው፤ ስንት በግ፣ ስንት ባና፣ የማን ትምህርት። «ምን ልትበላ ነው?» ለሚለን ሰው መልስ የምንሰጠው፣ እስከ ዛሬ የበላነው የማንን እንደ ሆነ ስናውቅ ነው።