ሰሙ ኃይል፣ ወርቁ እጅ

ቁርጥማት የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። በሽታውን አይደለም፤ ቃሉን። ቆረጠመ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ገና ሲጠሩት ጥርስ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይሰማል። አያቶቻችን የመገጣጠሚያን ሕመም ሁሉ በዚህ በአንድ ስም ጠርተው ኖረዋል። ሐኪሙ በወረቀት ላይ የጻፈልኝ ስም ግን ሌላ ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይትስ። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላት መስሎት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚወጋበት ሕመም ነው ብሎ አስረዳኝ። (ኃይል የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።)

የጀመረኝ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። የብር ኖት የተቀየረበት ወቅት ስለሆነ ከባንክ መስኮት በወዲህም ሆነ በወዲያ የቆመ ሰው አይረሳውም። በመስከረም አዲሱ የ200 ብር ኖት ወጣ፤ አሮጌዎቹ 10፣ 50 እና 100 ብሮች ተመልሰው እንዲገቡ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። ከፍራሽ ሥር የኖረ ገንዘብ፣ ከጎተራ የወጣ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት፣ አይጥ ጥጉን የቀመሰው ገንዘብ ሁሉ በእጃችን አለፈ። መቁጠሪያ ማሽኑ የተበላና የተጣበቀ ብር አልቀበልም ሲል በጣት መቁጠር ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ ሁላችንም ከቆጠራው ነው አልን። ቆጠራው አለቀ፤ ጣቶቼ ግን እንደነበሩ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሆስፒታል ምልልስ አሳጥሬ ልለፈው። ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ልጄ፤ በየቀኑ ከወሰድሽው ይመርዝሻል» አለኝ ሽማግሌው ሐኪም፤ ቀኑንም በወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ አሠመረበት። በሌላው ቀን ፎሊክ አሲድ፣ በየጥቂት ወሩ ደግሞ የጉበትና የደም ምርመራ። መድኃኒቱ እብጠቱን ቀነሰው። ድካሙን ግን ጨርሶ አልወሰደልኝም። ወረፋ የሰለቸው ደንበኛ «ፈጠን በይ እንጂ እህቴ፣ ወጣት አይደለሽ እንዴ» ሲለኝ ማኅተሙን በሁለት እጄ አነሣለሁ።

ግጥምም ቢሆን አልተረፈም። ብዕር መያዝ ሲያቅተኝ በአውራ ጣቴ በስልክ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ገጣሚ ወዳጄ «ስንኞችሽ አጠሩ፤ ቁጥብነትን ተማርሽ» ብሎ አመሰገነኝ። የአውራ ጣቴ አንጓ የወሰነውን የስንኝ ርዝመት ለጥበብ ቆጠረልኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ስለ ሬኪ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ውጭ አገር ተምራ የመጣች፣ ቦሌ አካባቢ በመኖሪያ ቤቷ ሰው የምትቀበል ሴት አለች አለችኝ። ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዴ አነበብኩ። ሬኪ የጃፓን ነው። ሚካኦ ኡሱይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 በኪዮቶ አጠገብ በሚገኘው በኩራማ ተራራ 21 ቀን ጾሞና ተመስጦ ካገኘው በኋላ ማስተማር እንደ ጀመረ ተከታዮቹ ይተርካሉ። በሁሉ ውስጥ የሚፈስ የሕይወት ኃይል አለ፤ ሲታገድ እንታመማለን፤ የሠለጠነ እጅ ደግሞ መንገዱን ይከፍትለታል፤ ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው። ተራራው፣ ጾሙ፣ 21 ቀኑ... ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር የለውም። ሐኪሙ ኃይልሽ ከዳሽ ብሎኛል፣ ይህች ደግሞ ኃይልሽን አስታርቅልሻለሁ ትላለች። ማን አይሄድም?

ሄድኩ። መጋረጃው የተጋረደ፣ ዕጣን የሚሸት ክፍል ነበር። ሴትየዋ አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ነጠላ የለበሰች ናት። «የኔ እመቤት፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ ጠየቀችኝና ዝም ብላ ሰማችኝ። ሳታቋርጠኝ፣ ሳትጽፍ፣ ሰዓቷን ሳታይ። ሐኪሜ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ውጭ አርባ ሰው ይጠብቀዋል። ቀጥላ እጆቿን በራሴ፣ በትከሻዬ፣ ኋላም በተቃጠሉት አንጓዎቼ ላይ አኖረች። አልጨመቀችኝም፤ አላሸችኝምም። ዝም ብላ አኖረቻቸው። ከእጇ ሙቀት ወጣ፤ ሙቀቱም ወደ ውስጥ የሚፈስ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ያን ማታ ከብዙ ወራት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ይህን ሳልክድ መናገር አለብኝ፤ እውነት ነውና።

ለእያንዳንዱ ጊዜ 1,500 ብር እከፍል ነበር። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ ያለችኝን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፦ «እኔ በነፃ ስይዝልሽ እጅሽን ትነጥቂኝ የለም እንዴ?»

አራተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሴትየዋ እጇን ከእጄ ሳታነሣ «የምትወስጂው መድኃኒት ኃይሉን እየዘጋው ነው» አለችኝ። «ይሰማኛል። እዚህ ጋ ይቆማል። አንድ ወር ብቻ አቁሚውና እንየው።»

ከክፋት አልተናገረችውም። ከልቧ ታምንበት ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

እኔ በዚያች ቅጽበት የታየችኝ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የኖረች አክስቴ ናት። ፈታይ ነበረች፤ እንዝርት በጭኗ ላይ ስታሾር ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥን ነበር ይላሉ። እኔ የደረስኩባት ግን ጣቶቿ ሁሉ ወደ ማርያም ጣቷ፣ ከዚያም ወደ ትንሿ ጣት፣ ነፋስ እንዳጎነበሰው ሸምበቆ ከዘመሙ በኋላ ነው። ዋግምት ተደርጎላታል። ጠበል ተጠምቃለች። የሞቀ ቅቤ ታሽታለች። ይህ ሁሉ በፍቅር ተደርጎላታል፤ ያጎደሉባት ነገር ቢኖር በዘመኗና በቀበሌዋ ያልነበረውን ብቻ ነው። የሕመሟን ስም የነገራት ሐኪም ስላልነበረ የእኔው መሆኑን በእርግጠኝነት አልናገርም። ቡናዋን ስኒውን በሁለት መዳፏ አቅፋ እንደምትጠጣ ግን አስታውሳለሁ። ብግነቱ ካልተገታ የመገጣጠሚያውን ልባስና አጥንቱን ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይተካም። አንድ ወር ለሴትየዋ የሙከራ ጊዜ ነው፤ ለእኔ አንጓ ግን መመለሻ የሌለው መንገድ ሊሆን ይችላል።

«አላቆምም» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ ያንቺ ምርጫ ነው፣ የኔ እመቤት» አለችኝና እጇን አነሣች። ክፍሉ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ወይም መሰለኝ።

ቤቴ ገብቼ ያሰላሰልኩት ስለ ቅኔ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ መለየት ይማራል፤ ሰም የሌለው ወርቅ አይቀረጽም፤ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የተቀበለ ደግሞ ቅኔውን አልሰማውም። በዚያች ክፍል ውስጥ ሰሙ «ኃይል» ነው። ወርቁ የሰው እጅ ነው፤ ሳይቸኩል የሚነካ፣ የሚሰማ፣ ሕመምሽ እውነት ነው የሚል እጅ። እኔን ያስተኛኝ ወርቁ ነው። ሴትየዋ ግን ሰሙን ይዛ መድኃኒቴን ልታስጥለኝ ቃጣች።

ይህን የምለው በግጥም ብቻ እንዳይመስል ሁለት ነገር ልጨምር። ኤሚሊ ሮዛ የምትባል አሜሪካዊት ልጅ በዘጠኝ ዓመቷ ለትምህርት ቤት ሥራ አንድ ሙከራ አደረገች። የሬኪ የቅርብ ዘመድ በሆነው ቴራፒዩቲክ ተች የሚያክሙ 21 ሰዎች እጃቸውን በመጋረጃ ቀዳዳ አሳልፈው ዘረጉ፤ ልጅቱ የራሷን እጅ ከሁለቱ እጆቻቸው በአንዱ አናት ላይ ታደርግና በየትኛው በኩል እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። የእጇን ኃይል እንሰማለን የሚሉት ሰዎች ከ280 ጊዜ ያወቁት 123ቱን፣ ማለትም 44 በመቶውን ነው። ሳንቲም ቢወረውሩ ግማሽ ያህሉን ባገኙ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ።

ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያስተማረኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የአስም ጥናት ነው። ሕሙማኑ በተለያየ ቀን በአፍ የሚሳበውን እውነተኛ መድኃኒት፣ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን፣ የማስመሰያ የመርፌ ሕክምና ተሰጣቸው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ምንም ሳይሰጣቸው ቆዩ። የተሰማቸው መሻሻል በተርታ 50፣ 45 እና 46 በመቶ ሆነ፤ ምንም ባልተሰጣቸው ቀን 21 በመቶ ነበር። ስለዚህ በስሜታቸው ሲመዘን ማስመሰያውና መድኃኒቱ እኩል ናቸው። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን በመድኃኒቱ 20 በመቶ ሲጨምር በሌሎቹ ሁሉ 7 በመቶ አካባቢ ላይ ቀረ። ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። መሻሻሉ የተሰማቸው ሰዎች አልዋሹም፤ እኔም ያን ሌሊት ስተኛ አልዋሸሁም። ሳንባው ግን የራሱ መዝገብ አለው። እኔ በመዝገብ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ማታ ሳጥን ሲዘጋ ደንበኛው ያለኝ ሳይሆን የተቆጠረው ነው የሚጻፈው።

ከዚያች ክፍል ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር ተመስጦ ነው። ሴትየዋ እጇን ከማኖሯ በፊት አሥር ደቂቃ ዝም ታሰኘኝ ነበርና እርሱን ቀጠልኩበት። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የስምንት ሳምንት ትምህርት ሕመማቸው ለማይለቃቸው ሰዎች እንደሆነ ሳነብ ደግሞ ልብ አደረግኩ። እርሱ ኃይል አይልም። ሕመሙን አጠፋለሁም አይልም። ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን ተከተል፣ የሚያምህን ቦታ ሳትሸሸው እየው ይላል።

እናቴ «ይህማ ጽሞና ነው፤ መነኮሳቱ ሲያደርጉት የኖሩት» አለች። ልክ ናት፤ ቃሉንም ያገኘነው ከገዳም ነው። ልዩነቱን ላስረዳት ብዬ ተውኩት፤ እርሷ በጸሎቷ፣ እኔ በትንፋሼ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በአንድ ሳሎን በሁለት ጥግ እንቀመጣለን።

ያ ሰዓት ጣቶቼ የሚደርቁበት ነው። መጀመሪያ ያየሁት «ሕመም» ብዬ በአንድ ስም የጠራሁት ነገር አንድ አለመሆኑን ነው። ሙቀት አለ። ክብደት አለ። ከሁለቱ ቀጥሎ ደግሞ ጣት ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ነገ ብር መቁጠር ቢያቅተኝስ፣ ከሥራ ቢያወጡኝስ፣ እንደ አክስቴ ብሆንስ የሚል። ቡድሃ አንድ ቀስት የወጋው ሰው በጭንቀቱ ሁለተኛ ቀስት ራሱን ይወጋል ብሎ አስተምሯል ይባላል። እኔ ሁለተኛውን ቀስት አልነቀልኩትም። የገባበትን ቦታ ግን አወቅኩት። አንዳንድ ቀን በአሥር ደቂቃው ውስጥ ምንም አላይም፤ እንቅልፍ ያዳፋኛል፤ ወይ ያልተመዘገበ ቼክ ትዝ ይለኛል።

እጄንም አሁን አልነጥቅም። እናቴ ጸሎቷን ስትጨርስ መጥታ ትይዝልኛለች፤ ጣት በጣት፣ ከአውራው ጀምራ። ስለ ኃይል አናወራም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው የምናወራው።

መድኃኒቱን የምውጠው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ እስከ እኩለ ቀን ቢያቅለሸልሸኝ ቤት ነኝና። የሚቀጥለው የጉበት ምርመራዬ ለታኅሣሥ ተቀጥሯል። ሴትየዋ ለእንቁጣጣሽ የመልካም ምኞት መልእክት ላከችልኝ፤ እኔም እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት። እጅሽስ ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሚይዘኝ፣ ቀድሞ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደነበር በአውራ ጣቴ ጻፍኩላት።