ሳያነቡ መፍረድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው አሠራሩን የማያውቀው ዕቃ በእጁ ላይ ሲበላሽበት አስቀድሞ የሚፈልገው መድኃኒቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። ይህን የምጽፍልህ ከሌላ ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ደርሶ ያፈርሁበት ነገር ነውና ነው።

ከመምህርነት ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ዕቃው ሙከ ጡሪንና ለሚን አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ዓለም ከተማ በደኅና ገባ። እኔም ትዝታዬን እጽፍበት ጀመርሁ። ማታ ማታ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ እየመጣ ያጠናበት ነበር።

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቆየ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ነበርና መብራት መጥቶ ብከፍተው ቀኑን ረስቶ ተነሣ። እኔም ቀኑን በእጄ አስተካከልሁለት። ከዚያ በኋላ ግን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ኢንተርኔት ብሞክር የምከፍተው ገጽ ሁሉ እምቢ አለ፤ ቀይ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያም ወጣ። ከመጀመሪያው መሥመር «ምስጢራዊ ግንኙነት» የሚለውን ቃል ብቻ አነሣሁና ነገሩ ተገለጠልኝ ብዬ ተነሣሁ።

ወደ ልጁ ቤት ሄጄ በእናቱ ፊት፣ «የማይረባ ነገር ከፍተህ ቫይረስ አስገብተህብኛል» አልሁት። «ጋሼ፣ ከትምህርቴ በቀር የከፈትሁት የለም» ብሎ ቢምልም አላመንሁትም። ላፕቶፑን በሣጥን ቆለፍሁበት፤ ልጁም መምጣቱን ተወ።

ከቀናት በኋላ ለአንድ ጠጋኝ ብነግረው፣ «ያለበትን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫንልዎ» አለኝ። ትዝታዬ ሌላ ቅጂ አልነበረውምና ደነገጥሁ። ችግሩን በደንብ እንዲረዳልኝም ብዬ ማስጠንቀቂያውን ቃል በቃል በወረቀት መገልበጥ ጀመርሁ። ሁለተኛው መሥመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ግንኙነቱ የተከለከለው የኮምፒዩተሩ ቀንና ሰዓት ትክክል ስላልሆነ ነው ይላል። ዓመቱን ብመለከት 2018 ነው፤ የጻፍሁትም እኔ ነኝ! በእኛ አቆጣጠር እውነት ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሚሄደው በፈረንጆች ቀመር ነውና ለእርሱ 2025 ማለት ይገባ ነበር።

የክልከላው ምክንያት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የታመነ የኢንተርኔት ገጽ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለው። ኮምፒዩተሩ ያን መታወቂያ ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። የእኔ ኮምፒዩተር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበርና የሁሉ መታወቂያ ገና ያልጀመረ መሰለው። ዓመቱን ባስተካክል ሁሉም ተከፈተ። ቀኑን የረሳውም ሰዓቱን የሚጠብቀው የሳንቲም ያህል ትንሽ ባትሪ ስላለቀ ነበር፤ እርሱም ተለወጠ።

ስንት ዘመን ሙሉ ተማሪዎቼን፣ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ» ስል የኖርሁ እኔ ነኝ። በዘመን አቆጣጠራችንና በፈረንጆቹ መካከል ያለውን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በሰሌዳ ላይ ሳስተምር የኖርሁም እኔው ነኝ። ልጁን የወቀስሁት በእናቱ ፊት ነበርና ይቅርታ የጠየቅሁትም በእናቱ ፊት ነው። «ምንም አይደለም ጋሼ» አለኝ። ከሳምንት በኋላም መጣ። ነገር ግን እስከ ዛሬ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ፈቃዴን ይጠይቃል። ቀድሞ አይጠይቅም ነበር።

ስለዚህ፣ ልጄ ሆይ፣ ኮምፒዩተር ቢያስቸግርህ የሚነግርህን ቃል እስከ መጨረሻው አንብብ። ቀጥሎም፣ «ከመበላሸቱ በፊት የተለወጠው ምንድን ነው? የለወጠውስ ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ ጥያቄውንም ከራስህ ጀምር። ከዚያ ሪስታርት አድርገው። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ሲዘጉ የሥርዓቱን እምብርት በዲስክ አስቀምጠው ያድራሉና፣ ሻት ዳውን ብለህ የዘጋኸው የትናንት ችግሩን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ሪስታርት ግን ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ያስነሣዋል። ሥራው ከዘገየ ዲስኩ ሞልቶ እንደ ሆነ እይ፤ ከጋለም የአየር መውጫውን አቧራ ጥረግ። ሥርዓቱ ራሱን በሚያድስበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ሊበላሽ ይችላልና፣ ባትሪው ሳይሞላ እድሳት አታስጀምር። ስትሞክርም አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ ውጤቱን ተመልከት፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የነካካ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ከሁሉ በፊት ግን የጻፍኸውን በፍላሽ ገልብጠህ በሌላ ስፍራ አኑር።

የላፕቶፑን ቀን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። የልጁን ልብ ግን እስካሁን በማስተካከል ላይ ነኝ።