ያልነፋሁት ቀዳዳ

በኦክቶበር 2008 አንድ ዓርብ ማታ፣ 395 አውራ ጎዳና ላይ ፔንታጎንን አልፌ ወደ ስፕሪንግፊልድ ስወርድ፣ ሦስተኛው ማርሽ ከዳኝ። ሁለተኛው እንደ ወትሮው ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ፎሌ ላይ እንዳለች ነች። ተመስገን፣ ተሳፋሪ አልያዝኩም። መሪው ላይ ያለውን ዘንግ 2 ላይ አድርጌ፣ የቀኙን ጠርዝ ይዤ፣ የኋላው መኪና ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብኝ ጋሼ ቤት ደረስኩ።

ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። ደብረ ዘይት አየር ኃይል የኤፍ-5 ሜካኒክ የነበሩ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። እኔ የምኖረው አፓርታማ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ኮፈን ከፍቶ መቆም እንኳ ያስቀጣል። እሳቸው ግን ጋራዥ ያለው ቤት አላቸው። መኪናዋን ሳያዩ ዘይት መለኪያውን መዝዘው አሸተቱት። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን እንደ ቪምቶ ቀይ ነው። የኔው ቡና መስሏል፤ ሽታው ያረረ ሽሮ ነው።

«ይውረድና እንየው» አሉ።

«ጋሼ፣ አውቶማቲክ ከፍተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። መጽሐፉን ፈልገህ አምጣ።»

ያን ጊዜ የዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሂሳብ ከዞን ወደ ሜትር ከዞረ ገና አምስት ወሩ ነበር፤ ከሜይ 1 ጀምሮ ማለት ነው። የዞኑን ሂሳብ በቃሉ ያጠና ሾፌር ሁሉ ኪሱ ተናግቶ፣ ዩኒየን ስቴሽን ወረፋ ላይ ወሬያችን ሜትርና ኦባማ ብቻ ሆኖ ነበር። መኪናዬ የ2000 ሞዴል ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ፣ ከጨረታ የገዛኋት የድሮ ፖሊስ ናት። በዓይኔ ያላየሁት ጋራዥ በስልክ የጠራልኝ ዋጋ ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር። ስለዚህ ሰኞ በዓል መሆኑን ቆጥረን፣ ቅዳሜ ጠዋት በክሪክ አነሳናትና ሥሯ ገባን።

መፍታቱን አላስረዝምም። አሥራ ሦስት ሊትር ገደማ ዘይት ይፈሳል፤ የኋላው ዘንግ ይወጣል፤ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ትልቁ ክብ፣ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው፣ በአራት ዳዶ ይፈታል። ከዚያ ከ60 ኪሎ የማያንስ ብረት ደረት ላይ እንዳይወድቅ መጸለይ ነው። ጋሼ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ አስቁመውኝ፣ ወለሉ ላይ ነጭ ካርቶን ዘርግተው፣ የያንዳንዱን መፍቻ ቅርጽ በእርሳስ ከበቡት። እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ ሥዕሉ ካልተመለሰ ሌላው አይነሳም። «አንድ ካቻቪቴ ከጠፋ አውሮፕላኑ አይነሳም» ይላሉ። እኔ በሆዴ ይቺ አሮጌ ፎርድ ናት፣ ማን ሊያበራት ነው እያልኩ ነበር።

ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሆዱ ሲከፈት ነው ነገሩ የገባኝ። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያሳደገን ሰዎች ማርሽ ማለት ጥርስ ለጥርስ እየገባ እየወጣ የሚቀያየር ይመስለናል። እዚህ ጥርሶቹ ሁሉ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። መሐል ላይ ፀሐይ፣ ዙሪያዋን የሚዞሩ ትንንሽ ማርሾች፣ ከውጭ ደግሞ ቀለበት አለ። የትኛው ተይዞ የትኛው ይዙር የሚለው ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። የሚይዙትና የሚለቁት ፍሪሲዮኖች ናቸው፤ አንድ ብረት፣ አንድ የሚፋተግ ዲስክ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ዲስክ እየተባለ እንደ እንጀራ የተደራረቡ። ከኋላቸው ፒስተን አለ። ዘይት በግፊት ሲመጣ ፒስተኑ ይጨምቃቸዋል፣ ይያያዛሉ። ሦስተኛውን ማርሽ የሚይዘው ድርድር ሲወጣ ዲስኮቹ ከሰል ሆነዋል። በጥፍሬ ስነካው ልጣጩ ረገፈ።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ሻይ ይዘው መጡና እጃችንን አይተው የድሮ ነጠላቸውን ለጨርቅ አመጡልን። ጋሼ እንደ እባብ ሸሹት።

«ክሩ ይረግፋል! አንድ ክር ቫልቮላ ውስጥ ከገባች ይኸው ሥራው ከንቱ ቀረ።»

«የናንተ ብረት ከሰው ይበልጣል?» ብለው ነጠላውን አጥፈው ይዘው ገቡ። እኛም ዕቃውን ሁሉ በላምባ አጥበን በአየር እየነፋን አደረቅነው፤ ጨርቅ አልነካውም።

ከሁሉ የወደድኩት ቫልቮላዎቹ ያሉበትን ክፍል ነው። ምስጥ የሠራው ሰሌዳ ይመስላል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ። ከላዩ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ብረት ይቀመጣል። ፋብሪካው ማርሽ ሲቀየር ተሳፋሪው እንዳይሰማው ብሎ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያሳልፈው። ፒስተኑ ቀስ ብሎ ይጨምቃል፤ በዚያች ቅጽበት ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ። ለግል ቤት መኪና ይሁን። ቀኑን ሙሉ ከአንድ መብራት ወደ ሌላ መብራት ለሚነዳ ታክሲ ግን ያ ልስላሴ ዲስክ ይበላል። በዚሁ ካምቢዮ ላይ ፎርድ ውስጥ የሠራ ኢንጂነር ያዘጋጀው ማሻሻያ አለ፤ ጄ-ሞድ ይሉታል። የተመረጡትን ቀዳዳዎች በልክ ማስፋት፣ ማርሹን የሚያለዝቡትን አንዳንድ ሞላዎች ማውጣት ነው። ጋሼ የትራፓኖውን ፑንታ በካሊፐር ሦስት ጊዜ ለክተው፣ «ማስፋት እንጂ ማጥበብ የለም» ብለው ለኔ ሰጡኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ በሳሁት። ጠርዙን ደግሞ እሳቸው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት።

ከራዲያተሩ ፊት የምትቀመጥ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣም ገዛን። የዚህ ዓይነት ካምቢዮ ጠላቱ ሙቀት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መገጣጠም ጀመርን። አዲሶቹን ዲስኮች ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈናቸው ነበር። የቫልቮላውን ክፍል ትንንሽ ኳሶች ቦታቸው ላይ የሚያቆያቸው ቫዝሊን ነው፤ እናቶቻችን ፊታችንን የሚቀቡን ያው ቫዝሊን። የፒስተኑ ላስቲክ ግን አስቸገረኝ። ከንፈር አለው፤ ዲስኮቹ የሚደረደሩበት ከበሮ ውስጥ ሲገባ ከንፈሩ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። በካቻቪቴ ጫፍ እየገፋሁ አስገባሁት። ጋሼ የሌሊት ተረኛ ስለነበሩ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ።

«አየር ሳትነፋ እንዳትዘጋው።»

አየር መንፋት ማለት ይህ ነው። ቫልቮላው ክፍል ከመታሰሩ በፊት፣ ዘይት የሚገባበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ በኮምፕረሰር አየር ትነፋዋለህ። ፒስተኑ ደህና ከሆነ ከውስጥ «ዱም» ይላል፤ ደረትህ ላይ ይሰማሃል። ላስቲኩ ከተቀደደ «ፍሽሽ» ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ነፋሁ፤ ዱም። ሁለተኛው ዱም፣ ሦስተኛው ዱም አለ። አራተኛው፣ የሦስተኛ ማርሽ ቀዳዳ ላይ ስደርስ ትንሿ ታንክ አየሯን ጨርሳለች። ኮምፕረሰሩን ላስነሳው ስል ከላይ የእትዬ መኝታ ቤት መብራት ጠፋ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው፣ ጎረቤቱም አንድ ጊዜ በር አንኳኩቶ ያውቃል። ሦስቱ ከመቱ አራተኛው ምን ይሆናል አልኩና ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«ነፋኸው?»

«ነፋሁት።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ስንሰቅል ዋልን። ኮንቨርተሩ ሲገባ ሦስት ጊዜ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አንዷ ከቀረች ብሎኑ ሲጠብቅ የዘይት ፓምፑን ይሰብረዋል። እሱን ጋሼ ራሳቸው አዙረው አስገቡት፤ ሦስቷንም ጮክ ብለው ቆጠሩ። ዘይት ሞላን፣ አስነሳናት፤ ወደ ኋላ ሄደች፣ አንደኛ ያዘች፣ ሁለተኛ እንደ ጥፊ ገባ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሦስተኛው መምጣት ሲገባው ሞተሩ ጮኸ።

እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው ወደ ፊት እያዩ ነው።

«ስንቱን ነው የነፋኸው?»

«ሦስቱን።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰፈሩን ዞረን እስክንመለስ ዝም ብለው፣ ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ፣ «እኛ ለአውሮፕላኑ ስንፈርም የሚያበረው ልጅ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ እናየዋለን» አሉና ክሪኩን ሊያመጡ ወረዱ።

ማክሰኞ ሥራ ቀረሁ። ሁለተኛው ማውረድ የመጀመሪያው በፈጀው ጊዜ ግማሽ ነው የሚያልቀው፤ እጅ ያስታውሳል። ከበሮው ሲከፈት ላስቲኩን ብርሃን ላይ ያዝኩት። ከንፈሩ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ቅዳጅ፣ ልክ በካቻቪቴዬ ጫፍ ስፋት። ሌላ ምንም የለም። አዲሶቹ ዲስኮች ገና ስላልተቃጠሉ ተረፉ፤ ጋሼ አንድ በአንድ አሽትተው ተቀበሏቸው።

አዲሱን ላስቲክ በምን እናስገባ ስንል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለ፣ ሂሳቡ ያለቀ የስልክ ካርድ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ አገር ቤት የምንደውለው በአምስት ዶላር ካርድ ነበርና ሁላችንም ኪስ ውስጥ ሞልቷል። ጠርዙን በመቀስ ክብ አድርጌ ዘይት ቀባሁት። ከንፈሩን በፕላስቲኩ እያባበልኩ ዙሪያውን ስሄድ፣ ፒስተኑ ሳይታገል ቁልቁል ሰመጠ።

ኮምፕረሰሩን በጠራራ ቀን አስነሳነው። ጎረቤቱ በመስኮት ብቅ አለ፤ ጋሼ እጃቸውን አውለበለቡለት። ቀዳዳው ላይ የመንፊያውን ጎማ ጫፍ አስጠግቼ ተጫንኩት።

ዱም።

«ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «የቀሩትንም።» አራቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ነፋሁ። እትዬ ከወጥ ቤት፣ «ከበሮ ነው እንዴ የምትመቱት?» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ዩኒየን ስቴሽን ወረፋ ያዝኩ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ቡና በእጇ የያዘች ሴት ነበረች፤ ወደ ዱፖንት ሰርክል። ማሳቹሴትስ አቬኑ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትገባ መኪናዋ ወገቧን ቀጥ አደረገች፤ ቡናው ከክዳኑ ላይ ዘለለ። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሶሪ» አልኳትና መሐረብ አቀበልኳት። እስክትወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ።